የጡረታ መዘጋጃ ሥልጠና፦ ከገንዘቡ ትምህርት ይልቅ የቀን ውሎው ትምህርት የጠቀመበት

ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት ለቀሯቸው ሠራተኞች አንድ የግል ድርጅት የሚሰጠውን የመዘጋጃ ሥልጠና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ፤ ከሥራ ከተሰናበትኩም በኋላ በክፍል ውስጥ የተነገረውን ከኑሮው ጋር ለማመሳከር በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ። ተመሳሳይ ይዘት ያለው ሥልጠና በሌሎች ድርጅቶችም ስለሚሰጥና ትኩረቴም በይዘቱ ላይ ስለሆነ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ፍርዴን ላስቀድምና ሥልጠናው የሚወስደው ጊዜም ሆነ የሚከፈልበት ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም። አብዛኛው ሰው ተመዝግቦ የሚመጣው ስለ ገንዘብ ለመስማት ነው፤ እውነተኛው ጥቅም የሚገኘው ግን ከሥራ የተሰናበተ ሰው ቀኑን በምን እንደሚሞላ ከሚያስተምረው ክፍል ነው። ገንዘብ ያጠረው ጡረተኛ ችግሩ ምን እንደሆነ ያውቀዋል፤ ቀኑ ባዶ የሆነበት ሰው ግን የከበደው ነገር ምን እንደሆነ ሳይለየው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ስለ አሰጣጡ ብዙ የምለው የለኝም። ትምህርቱ በስድስት ግማሽ ቀናት ተከፍሎ በየሳምንቱ ይሰጣል፤ የተሳታፊው ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ጥያቄ ያለው ሁሉ ይጠይቃል፤ አሠልጣኞቹም የጎልማሳን ልምድ አክብረው ያስተምራሉ። ባለትዳር የሆነ ተሳታፊ የትዳር ጓደኛውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዞ እንዲመጣ መፈቀዱ ላይ ላዩን ሲታይ ተራ የገበያ ማበረታቻ ይመስላል፤ ከሥልጠናው ሁሉ ብልኅ የሆነው ውሳኔ ግን እርሱ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በታሪክ ይከፈታል። በጀርመን በመራሔ መንግሥቱ በቢስማርክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የእርጅና መድን ሕግ አበል የሚሰጠው 70 ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜው ወደ 65 ዝቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። በዚያን ጊዜ ለዚህ ዕድሜ የሚበቃው ሠራተኛ ጥቂት ስለነበረ፣ ጡረታ ማለት ጉልበት ካለቀ በኋላ የሚመጣ አጭር ዘመን ነበር። ዛሬ በ60ዎቹ መጀመሪያ ጤናው ሳይጓደል ከሥራ የሚሰናበት ሰው ከፊቱ 20 ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ሊኖረው እንደሚችል አስቦ መዘጋጀት አለበት። አሠልጣኙ ታሪኩን ያነሡት፣ አብዛኛው የጡረተኛ ስህተት ይህን ረጅም ዘመን እንደ ተራዘመ የዓመት ፈቃድ ከመቁጠር እንደሚመነጭ ለማሳየት ነው። የዓመት ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ገንዘቡን ዘና ብሎ ያወጣል፤ የሰዓት ሥርዓቱን ይተዋል፤ የቀጠሮውንም ደብተር ይዘጋል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ የሚመለስበት ሥራ ስላለው ነው።

የገንዘቡ ትምህርት ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚወስድ ሲሆን በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው። አሠልጣኝዋ የጀመሩት ከዋጋ ግሽበት ነው። 72 ቁጥርን ለዓመታዊው የግሽበት መጠን በማካፈል ወጪ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ማወቅ ይቻላል፤ ግሽበቱ በዓመት 6 በመቶ ከሆነ ወጪው በ12 ዓመት ገደማ፣ 3 በመቶ ከሆነ ደግሞ በ24 ዓመት ገደማ በእጥፍ ያድጋል። ይህን ካስረዱ በኋላ እያንዳንዱ ተሳታፊ የወር ወጪውን ጽፎ በእጥፍ እንዲያባዛውና ከሚጠብቀው አበል አጠገብ እንዲያስቀምጠው አደረጉ። አበሉ ከዋጋ ጋር እኩል የማያድግ ከሆነ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ማሰብ የሚጀመረው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። የዛሬን ወጪ ከዛሬው አበል ጋር ብቻ አነጻጽሮ «ይበቃኛል» ብሎ መውጣት በጣም የተለመደ ስህተት በመሆኑ፣ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህ ስሌት መርሳት የሌለበት ነው።

ከዚያ ጥሪት ያለው ሰው በዓመት ምን ያህል ቢያወጣ ሳያልቅበት እንደሚቆይ ተነሣ። አሜሪካዊው የገንዘብ አማካሪ ዊልያም ቤንገን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ጥናት፣ ጥሪቱን በአክሲዮንና በቦንድ ያስቀመጠ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከጥሪቱ 4 በመቶ ገደማ ቢያወጣና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በግሽበቱ ልክ ቢጨምር፣ በቀድሞው የአሜሪካ ገበያ ታሪክ ሲለካ ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት እንደሚበቃው ያሳያል። አሠልጣኝዋን ያከበርኳቸው ይህን ቁጥር እንደ ሕግ ስላላስተማሩት ነው። ቁጥሩ የአንድ አገር ገበያ የአንድ ዘመን ውጤት መሆኑንና ገንዘቡን በሌላ መንገድ ላስቀመጠ ሰው እንደማይሠራ ሳይሸፍኑ ተናገሩ። የኪሳራ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲመጣና ዘግይቶ ሲመጣ ያለውንም ልዩነት በቁጥር አሳዩን፦ 100 ይዞ የጀመረ ሰው ለኑሮው 5 ካወጣ በኋላ የቀረው 95 በዚያው ዓመት 20 በመቶ ቢወድቅበት በእጁ የሚቀረው 76 ነው፤ ከ76 ተነሥቶ ወደ 100 ለመመለስ ደግሞ ለኑሮ ምንም ሳያወጣ ከ31 በመቶ በላይ ማትረፍ ይኖርበታል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለኑሮ የሚያስፈልገው ገንዘብ ዋጋው ከፍና ዝቅ በማይል ቦታ መቀመጥ አለበት የሚለው ምክር ከዚህ ስሌት በኋላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ከገንዘቡ ትምህርት ይበልጥ ያደነቅሁት ግን ከስሌት ውጭ ያለውን ክፍል ነው። አንድ ሰው የስንብት ክፍያውን በአንድ ጊዜ ሲቀበል፣ ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት ወሬው ለዘመድ አዝማድ ይደርሳል። ልጅ ንግድ ልጀምር ይላል፤ ወንድም ለብድር ዋስ ሁነኝ ይላል፤ የቀድሞ ባልደረባ ደግሞ አብረን እንሥራ ብሎ ይመጣል። አሠልጣኝዋ ልጅንና ዘመድን መርዳት ክፉ ነው አላሉም፤ ያሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እርዳታ ከወር ገቢ ተራፊ እንጂ ከዋናው ጥሪት እንዳይወጣ፤ ሁለተኛው፣ ለማንኛውም የገንዘብ ጥያቄ በዚያው ቀን መልስ እንዳይሰጥ ነው። በተለይ ዋስ መሆንን በተመለከተ የተናገሩት መሠረታዊ ነው፤ ደመወዝተኛ ዋስ ቢከስር በቀሪው የሥራ ዘመኑ ሊያካክሰው ይችላል፤ ጡረተኛው ግን የፈረመበትን ዕዳ የሚከፍልበት ሌላ ዘመን የለውም። በመጀመሪያው ዓመት ቤት አለመሸጥ፣ ወደማያውቁት ንግድ አለመግባት፣ መኖሪያን አለመቀየርም አብረው የተመከሩ ናቸው፤ ምክንያቱም ሰው በዚያ ዓመት የሚመኘው ነገር በቀጣዩ ዓመት ከሚመኘው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ቀን ውሎ ነው፤ ለብቻው ቢሰጥ እንኳ ሙሉውን ክፍያ ያወጣል ብዬ አምናለሁ። ለእያንዳንዳችን ሰባት ዓምድ ያለው ትልቅ ወረቀት ተሰጠን፤ በአናቱ የሳምንቱ ቀናት፣ በግራ ጎኑ ደግሞ ጠዋት፣ ረፋድ፣ ከሰዓት በኋላና ምሽት የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል። የታዘዝነው ከሥራ በተሰናበትን በሰባተኛው ወር ያለውን አንድ ተራ ሳምንት እንድንሞላ ነው። ሰባተኛው ወር የተመረጠው በምክንያት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት በጉዞ፣ ለዓመታት ሲንከባለል በቆየ የቤት ጥገናና በናፈቀ እንቅልፍ ራሳቸውን ይሞላሉ። ሰኞ በቀላሉ ሞላ፤ ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ላይ ሲደረስ የብዙው ሰው እስክሪብቶ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ «ንባብ»፣ «ዕረፍት»፣ «ዘመድ መጠየቅ» የሚሉት ቃላት በየሣጥኑ እየተደጋገሙ ሐሙስንና ዓርብን ሞሉ። አሠልጣኙ በየወረቀቱ ላይ አጎንብሰው ከተመለከቱ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ብትቀሩ፣ ‹ምነው ቀራችሁ?› ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ማን ነው?» ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ጥቂት ሰዎችም ወረቀታቸውን ገልብጠው እንደገና መጻፍ ጀመሩ።

የጥያቄው ክብደት የተብራራው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ አጥነት በሰው ላይ የሚያስከትለውን ያጠኑት ማሪ ያሆዳ፣ ሥራ ከደመወዝ ሌላ አምስት ነገሮችን ለሰው እንደሚሰጥ ጽፈዋል፦ ቀንን በሥርዓት ይከፋፍላል፤ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር ያገናኛል፤ ከግል ጉዳይ በላይ በሆነ የጋራ ዓላማ ውስጥ ያስገባል፤ በሰው ዘንድ የታወቀ ቦታ ይሰጣል፤ ሳይወዱም ቢሆን ዘወትር ያንቀሳቅሳል። ጡረተኛ አበሉ በቂ ቢሆን እንኳ አምስቱንም በአንድ ቀን ያጣቸዋል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ የሚጻፈው ነገር የሚመዘነው አስደሳች በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ከአምስቱ የትኛውን እንደሚተካ በመጠየቅ ነው። ንባብ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ከሰው አያገናኝም፤ ቀጠሮም የለውም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ተማሪዎችን ማስጠናት ወይም በአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር የሂሳብ መዝገብ መያዝ ግን ከአምስቱ አራቱን ይመልሳል። አንድ በጥገና ክፍል ረጅም ዘመን የሠሩ ተሳታፊ በሠንጠረዣቸው ላይ «መኪና መጠገን» ብለው ጽፈው ነበር፤ ከማብራሪያው በኋላ ሰርዘው «ለወጣቶች ጥገና ማስተማር፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ» ብለው ጻፉ። ሙያው ያው ነው፤ ልዩነቱ አሁን የሚጠብቃቸው ሰው መኖሩ ነው።

በዚሁ ክፍል የኅብረተሰብ ጥናት ምሁሩ ሮበርት አችሌይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያቀረቡት የጡረታ ደረጃዎች ትምህርት ተሰጥቷል፤ ከስንብት በኋላ የደስታ ወቅት፣ ቀጥሎ ቅሬታና መሰላቸት፣ ከዚያም ኑሮን እንደገና ማደራጀትና መርጋት ይመጣሉ። ትምህርቱ ይጠቅማል፤ በመሰላቸት ወቅት ላይ ያለ ሰው የደረሰበት ነገር በሌላውም ላይ የሚደርስ መሆኑን ማወቁ ያጽናናዋል። ነገር ግን ደረጃዎቹ ሁሉም ሰው በተራ የሚወጣቸው ተደርገው መቅረባቸው ትክክል አይደለም። አችሌይ ራሳቸው ሁሉም ሰው በሁሉም ደረጃ እንደማያልፍ፣ ቅደም ተከተሉም ቋሚ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ይህ ሳይነገረው የቀረ ሰው ደስተኛ ሆኖ ሳለ መሰላቸቱ መቼ እንደሚመጣ እየጠበቀ ሊሰጋ፣ የተሰላቸው ደግሞ ምንም ሳያደርግ ደረጃው እስኪያልፍ ሊቀመጥ ይችላል።

አሁን ወደ ትዳር ጓደኞቹ ልመለስ። አብረው የመጡ ባልና ሚስት ሠንጠረዡን ተለያይተው እንዲሞሉ ይደረጋል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከአጠገባችን የተቀመጡት ባል ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ረፋድ ሁሉ «ከባለቤቴ ጋር» ብለው ሞልተውታል። ባለቤታቸው በዚያው ሰዓት ለዓመታት የያዙትን ቋሚ ጉዳይ ጽፈዋል፤ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚያደርጉት የእግር ጉዞ፣ የእህታቸውን ቤት መጠየቅ፣ የልብስ ስፌት። ሁለቱም አልተጣሉም፤ ብዙ ሳቁና ረቡዕንና ቅዳሜን ለጋራ መርጠው ሌላውን ለየግል ተዉት። በዚያ ጠረጴዛ ላይ በደቂቃዎች ያለቀው ጉዳይ በየቤቱ ለወራት የሚያነታርክ ነው። አንዱ ለዓመታት ያደራጀው ቤት ውስጥ ሌላው በድንገት ሙሉ ቀን ሲቀመጥ፣ የኑሮ ለውጥ የሚሆነው ለተሰናበተው ብቻ አይደለም። ሥልጠናውን ብቻውን የወሰደ ባለትዳር ግማሹን አልወሰደም የምለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተት በደንብ ተነሥቷል። ጡረተኛ ጊዜ አለው ተብሎ ስለሚታሰብ የቤተሰቡ ጉዳይ ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል፤ ልጅ ጠብቅ፣ ወረፋ ያዝልኝ፣ ሠራተኛ ሲመጣ ቤት ሁንልኝ ይባላል። እያንዳንዱ ጥያቄ ትንሽ ነው፤ በደስታም ይፈጸማል። ሲደመሩ ግን ሰውየው የራሱ ሳምንት የሌለው የሌሎች መልእክተኛ ይሆናል። አሠልጣኙ የመከሩት እምቢ ማለትን ሳይሆን የራስን ቋሚ ቀጠሮ አስቀድሞ በግልጽ ማስታወቅን ነው። የተወሰነ ቀንና ሰዓት ያለው ጉዳይ እንዳለው የሚታወቅ ሰው ቤተሰቡ ራሱ ያከብርለታል።

ስለ ጤና የተሰጠው አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ደካማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴን፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን የሰውነት ሚዛን መጠበቅን የሚያጠነክር እንቅስቃሴን እንደሚመክር ከስክሪን ተነብቦልን ታለፈ። ትክክል ነው፤ ግን ማንም ከወንበሩ አልተነሣም፤ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ በተሞላው ሠንጠረዥ ላይም እንቅስቃሴው የት እንደሚገባ አልተጠየቀም። በዚሁ ክፍል ሆልምስና ራሄ የተባሉት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡት የሕይወት ለውጦች መመዘኛ ቀርቧል፤ ከ43 ክስተቶች መካከል ጡረታ በ45 ነጥብ አሥረኛ ነው። አቀራረቡ የሚያስፈራ ነበር። በዚያው መመዘኛ ጋብቻ 50 ነጥብ አለው፤ መመዘኛው የሚለካውም ክፉነትን ሳይሆን ለውጡን ለመልመድ የሚጠይቀውን ጉልበት ነው። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨመር ተሳታፊው ፈርቶ ሳይሆን ተዘጋጅቶ ይወጣ ነበር።

በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን በእውነት አዝኛለሁ። ግማሹ ጊዜ ለአንድ የገንዘብ አስቀማጭ ኩባንያ ወኪል ተሰጠ፤ ወኪሉም ከፍተኛ ትርፍ ያስገኛል ያሉትን ውል እያብራሩ የመመዝገቢያ ቅጽ አደሉ፤ በዕለቱ ለሚፈርም ቅናሽ እንዳለም ነገሩን። ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ በዚያው ክፍል ለማንኛውም የገንዘብ ጥያቄ በዕለቱ መልስ አትስጡ ተብለን ነበር። ጥሪቱን ለመጠበቅ ሊማር የመጣን ሰው ለሻጭ አሳልፎ መስጠት ተገቢ አይደለም፤ ጉዳቱም በቅር መሰኘት ብቻ አያበቃም፤ አንዳንዱ ተሳታፊ አሠልጣኞቹን ስላመነ ወኪሉንም አምኖ ሲፈርም አይቻለሁ። ተመሳሳይ ሥልጠና ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ሥልጠናውን በገንዘብ የሚደግፈው ማን እንደሆነና በክፍል ውስጥ የሚሸጥ ነገር እንዳለ ይጠይቅ።

ሥልጠናው ያልነካቸው ሰዎችም አሉ። ትምህርቱ ሁሉ ቀኑን አውቆ፣ ተሸኝቶ የሚወጣን ሰው ያሰበ ነው። በሕመም ምክንያት ወይም መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ሳይዘጋጅ የወጣ ሰው የሚሸከመው ነገር የተለየ ነው፤ ስለ ቀን ውሎ ከመናገር በፊት ስለ ደረሰበት ሐዘን መናገር ያስፈልገው ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩም የትዳር ጓደኛሞቹ ወረቀት ሲያስተያዩ ተመልካች ሆነው ተቀምጠዋል፤ ለእነርሱ ከወዳጅ ወይም ከወንድም ከእህት ጋር የሚሠራ መልመጃ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ከሥራ የተሰናበቱ ሴቶች የቤት ሥራ አብሯቸው እንደማይሰናበት የተናገሩት አንዲት ተሳታፊ ናቸው፤ አሠልጣኙ ተስማሙ፤ ነገር ግን በሠንጠረዡ ላይ ያ ሥራ ለማን እንደሚከፋፈል የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም።

ሥልጠናውን ለመውሰድ ተስማሚው ጊዜ ከስንብቱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በፊት ይመስለኛል። ለገንዘቡ ትምህርት ቀደም ማለት ይጠቅማል፤ ዕዳን ለመክፈልና ወጪን ለማስተካከል ደመወዝ ገና በእጅ ሳለ ይቀላልና። የቀን ውሎውም ቢሆን ከስንብት በኋላ የሚጀመር አይደለም፤ በሠንጠረዡ ላይ የጻፉትን ጉዳይ ገና ሥራ ላይ ሳሉ በሳምንት አንድ ቀን የሞከሩ ተሳታፊዎች የትኛው እንደሚዘልቅና የትኛው ምኞት ብቻ እንደነበር አስቀድመው ለይተዋል። ወር ሳይቀረው የሚመዘገብ ሰው ግን የገንዘቡን ክፍል በመጽሐፍ ሊያገኘው ስለሚችል፣ ድርጅቱ ከፈቀደለት አራተኛውን ክፍለ ጊዜ ብቻ ከትዳር ጓደኛው ጋር ቢወስድ ይበቃዋል።

ለአዘጋጆቹ ያለኝ ሐሳብ ስድስተኛውን ክፍለ ጊዜ ከሻጩ ወስደው ተሳታፊዎች ጡረታ ከወጡ ከሰባት ወር በኋላ እንዲያደርጉት ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የሞላውን ሠንጠረዥ ይዞ ይምጣ፤ ከአጠገቡም በእውነት የኖረውን ሳምንት ይጻፍ፤ አሠልጣኙም ያንኑ የረቡዕ ጠዋት ጥያቄ እንደገና ይጠይቁ።